ለእህት ዓለሜ፣ ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት

አቡ ዳቢ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህት ዓለሜ፤

እዚህ ሙቀቱ በርዷል፤ ቀትር ላይ ቧንቧ በባዶ እጅ መንካት ተችሏል፤ በእኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋሩ ለአልትራሶኒክ ምርመራ ክፍል ከተመረጡት ሠልጣኞች አንዷ መሆንሽን ሳነብ ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቅቶኝ መኝታ ክፍል ለሚጋራኝ የኬረላ ልጅ ሳይቀር አወራሁለት። ቀጥሎ ባለው መስመርሽ ግን ሣቅም ንዴትም ያዘኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ብረት ላይ ቅባት ቀብቼ ስክሪን ላይ ለማፍጠጥ ነው? የዲዛይን ቦታ እስኪከፈት ብጠብቅስ?» ትያለሽ። በስልክ እንዳልመልስልሽ ነገሩ ረዘም ይላል፤ አንቺ ደግሞ በስልክ ሰው ማስጨረስ አልፈጠረብሽም። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን፤ እዚህ ላይ ልታቋርጪኝ አትችዪም።

ከናቅሽው ከቅባቱ ልጀምር።

ብረቱ ላይ የምናስጠጋው ፕሮብ ውስጥ ያለችው ስስ ቁራጭ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትርገበገባለች፤ ሲያርገበግቧት ደግሞ መልሳ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 እና በ1881 በኳርትዝና በሌሎች ክሪስታሎች ላይ ያሳዩት ጠባይ ነው። ስለዚህ አንዷ ቁራጭ ድምፅ ትልካለች፣ ወዲያው ዝም ብላ መልሱን ትጠብቃለች። የሰው ጆሮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አይሰማም፤ እኛ በብዛት የምንሠራው ከ1 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ባለው ነው። ድምፁ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በአየር ውስጥ ግን ከ340 ብዙም አያልፍም። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ውስጥ ጀርባው ድረስ ሄዶ ለመመለስ 8.5 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል። መሣሪያው የሚለካው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ጊዜውን በፍጥነቱ አባዝቶ ለሁለት ሲያካፍል ጥልቀቱን ይነግርሻል።

ከፍጥነቱ ይልቅ ዋናው ነገር ድንበር ላይ የሚሆነው ነው። በብረት ውስጥ የሚመጣ ድምፅ አየር ሲገጥመው አያልፍም፤ ከሞላ ጎደል እንዳለ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስንጥቅን የምንይዘው በዚህ ነው፤ ስንጥቅ ማለት ብረት መሃል የገባ ስስ አየር ነውና። ያው አየር በፕሮቡና በብረቱ መካከል ከገባ ደግሞ ድምፁ ገና ከደጃፍ ይመለሳል፣ ብረቱን ሳያየው ይቀራል። ምስክርሽም ጠላትሽም አየር ነው። ቅባቱ አየሩን አስወጥቶ ለድምፁ መንገድ ይከፍታል። እዚህ በነሐሴ ሙቀት ቅባቱ ከመቀባቱ ይደርቃል። በቀጥታ ፕሮብ የምትሠሪ ከሆነ የጀርባው ማሚቶ ሲጠፋ ያስጠነቅቅሻል። ብየዳ ስትመረምሪ በምትይዢው የማዕዘን ፕሮብ ግን የሚያስጠነቅቅሽ የለም፤ ስክሪኑ ዝም ይላል። ያልለመደ ሰው ያን ዝምታ «ብረቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ቅባት የመቀባት ሥራ ነው ስትዪ ይህን አስቢበት።

ሥራው አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ ደግሞ እማዬን አስታውሺ። ምጣድ ስትገዛ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ጠርቶ የሚጮኸውን ትወስዳለች፤ ድምፁ የታፈነውን ነጋዴዋ ምን ብትምል አትነካውም። በአውሮፓ የባቡር ጣቢያዎችም ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዘው መንኮራኩር እየመቱ የሚያዳምጡ ሠራተኞች ነበሩ። ዘዴው የእማዬ ነው። ጉድለቱ ምን መሰለሽ፣ እንዲህ ያለው ድምፅ ዕቃው በጅምላ ደህና መሆን አለመሆኑን ይናገራል እንጂ ጉዳቱ የት እንዳለ አይናገርም፤ ትንሽ ስንጥቅ ደግሞ ጨርሶ ድምፁን አይለውጠውም። የምጣድ ጉዳይ ከሆነ ግድ የለም፤ እንጀራው ቢበላሽ ሌላ ይጋገራል።

ትንሹን ስንጥቅ ከነቦታው ለማግኘት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ በማሚቶ ለማግኘት ኳርትዝን ሥራ ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሰርጌይ ሶኮሎቭ ሌኒንግራድ ውስጥ ድምፅን በብረት አሳልፎ በወዲያኛው በኩል በመቀበል እንከን መፈለግ እንደሚቻል አሳየ፤ ግን ሁለቱንም ጎን መድረስ ይጠይቃል፣ ጥልቀትም አይናገርም። ለእኔ የሙያችን አባት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፍሎይድ ፋየርስቶን ነው። እሱ አጭር ምት ልኮ ከዚያው ከአንዱ ጎን ማሚቶውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1940 ለፓተንት አመለከተ፤ በ1942 ተሰጠው። ነገ እጅሽ የሚገባው መሣሪያ ስክሪኑ ቢያምርም፣ ውስጡ ኮምፒዩተር ቢሆንም፣ የዚያ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ እማዬ ምን እንደምሠራ በጠየቀችኝ ቁጥር «አልትራሳውንድ» ስላት ሐኪም የሆንኩ ይመስላታል። ባለፈው ፈቃድ መጥቼ ሳለ ነፍሰ ጡር ጎረቤታችንን ይዛብኝ መጣች፤ «ልጄ ከውጭ መጥቷል፣ እሱ ያይልሻል» ብላ! አላፍርባትም፤ ከመሰላት በላይ እውነት አላት። የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በሁለት መኪና ሻንጣ ጭኖ ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ቦይለር ፋብሪካ ወሰደ። ለማነጻጸሪያ ቁራጭ የበሬ ሥጋም አብሮ ነበር። እዚያ የብየዳ እንከን በሚፈለግበት መሣሪያ ዕጢውን ሲያይ፣ ፈሳሽ የቋጠረው ከጠጣሩ ተለይቶ ታየው። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት ላይ ያወጣው ጽሑፍ የዛሬውን የእናቶች ምርመራ በር ከከፈቱት አንዱ ነው። ስለዚህ ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ቢልሽ አትሸማቀቂ፤ የሐኪም ቤቱ ማሽን የተወለደው ከእኛ ቤት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ስክሪን ላይ ማፍጠጥ» ያልሽው ስክሪኑ አዋቂ መስሎ ስለሚያሳስት ነው። መሣሪያው የሚነግርሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ማሚቶው መቼ ደረሰ፣ ቁመቱስ ስንት ነው። ስንጥቅ ይሁን የብየዳው ሥር ጉብታ፣ ሥራው ሲነደፍ የታሰበ ቀዳዳ ይሁን የቀለጠ ቆሻሻ፣ ስክሪኑ ላይ ስም ተጽፎበት አይመጣም። 5 ሜጋኸርዝ ብትጠቀሚ የሞገዱ ርዝመት በብረት ውስጥ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሹ በታች የሆነ እንከን ይታየኛል ብለሽ ተስፋ አታድርጊ። ድግግሞሹን ከፍ ብታደርጊ ትንሹን ታያለሽ፣ ግን ድምፁ ጥልቅ ሳይደርስ ይደክማል፤ ቅንጣቱ ሻካራ በሆነ የማይዝግ ብረት ብየዳ ላይ ደግሞ ስክሪኑ በጫጫታ ይሞላል። ስንጥቅ ለድምፁ ፊቱን ከሰጠ መልስ ታገኚያለሽ፤ ጎኑን ከሰጠ ድምፁ ዳር ዳሩን ታክኮ ያልፋል። በ45፣ በ60 እና በ70 ዲግሪ የተሠሩ ፕሮቦች ያሉን ለዚህ ነው። በ45 አይተሽ «የለም» ካልሽው ብየዳ ውስጥ በ70 የሚወጣ አለ።

የማዕዘን ፕሮቡ ጫማ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሞቅ ማዕዘኑም ይለወጣል። ጠዋት በካሊብሬሽን ብሎክ ላይ ያስተካከልሽው ቀትር ላይ ሌላ ቦታ ያሳይሻል። ያ 25 ሚሊሜትር ውፍረትና 100 ሚሊሜትር የቅስት ራዲየስ ያለው ቁራጭ ብረት ከሥራ ባልደረባሽ ሁሉ በላይ ታማኝ ነው፤ በየጊዜው ወደሱ ተመለሺ። ሰዎች ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ።

አሁን የምነግርሽ በአንድ ፋብሪካ የደረሰ ነው። ዓመታዊ ጥገና ነበር፤ ሌሊት ነው፤ ሥራው ዘግይቷል። ከፍ ብለው የተሠሩ ጥቂት ብየዳዎች ሳይመረመሩ ቀርተው ነበር፤ መወጣጫው ፈርሷል። ፎርማኑ መጣና እጅግ በትሕትና «ወንድሜ፣ በያጁ ያው ነው፣ የታቹ ሁሉ ንጹሕ ወጥቷል፣ የላዩም ያው ነው፤ ፈርምልንና ሁላችንም እንተኛ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚለውም ነገር ያስኬዳል፤ ምናልባትም ልክ ነበር። መወጣጫው እንደገና ካልተተከለ አልፈርምም አልኩ። እስከ ንጋት ድረስ ተተከለ፣ ወጣሁ፣ መረመርኩ። ምንም አላገኘሁም። ብየዳው ከላይ እስከ ታች ጤነኛ ነበር። ፎርማኑ ጥገናው እስኪያልቅ ሰላም አላለኝም።

ጀግና ለመባል የሚነገር ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ትልቅ ስንጥቅ መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። የሥራችን አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈልገሽ «የለም» ብለሽ ትመለሻለሽ። ግን መሰላል ወጥቶ የተጻፈ «የለም» እና ታች ተቀምጦ የተጻፈ «የለም» ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። የሚለያቸውን የሚያውቅ የፈረመው ሰው ብቻ ነው። እኔ ይህን ሥራ የምወደውም የምፈራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ለአንቺ ለሃንጋር ሰው መንገር ይቀላል። ኤፕሪል 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የሳውዝዌስት በረራ 1380 ከኒው ዮርክ ወደ ዳላስ ሲጓዝ ከግራ ሞተሩ ማራገቢያ አንድ ላባ ተሰብሮ ወጣ። የሞተሩ ሽፋን ተበታትኖ አንድ መስኮት ሰበረ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። ካፒቴኗ ታሚ ጆ ሹልትስ አውሮፕላኑን ፊላዴልፊያ አሳረፈችው። የተሰበረው ላባ ከ32,000 ጊዜ በላይ ተነሥቶ ያረፈ ነበር። ስንጥቁ ላባው ዲስኩ ውስጥ ከሚሰካበት ከሥሩ፣ ዓይን ከማይደርስበት ቦታ ነው የጀመረው፤ እያንዳንዱ በረራ ጥቂት ጥቂት እየጨመረለት አደገ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች እንደደመደሙት ላባው እ.ኤ.አ. በ2012 በአብረቅራቂ ፈሳሽ ሲመረመር ስንጥቁ ሳይኖር አልቀረም፤ አልታየም። ያን ቀን ላባውን ያየው ሰው የተጠቀመበት የተፈቀደ ዘዴ ነበር።

ከአደጋው በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ባወጣው አስቸኳይ ትእዛዝ፣ ከ30,000 ጊዜ በላይ የተነሡና ያረፉ የዚህ ዓይነት ሞተሮች 24ቱም ላባ በ20 ቀን ውስጥ በአልትራሶኒክ እንዲመረመር ተባለ። በኋላም ምርመራው በየተወሰነ በረራ የሚደጋገም ሆነ። ሞተሩ ሲኤፍኤም 56-7ቢ ነው፤ አንቺ በየቀኑ የምታዪው ቦይንግ 737-800 ሌላ ሞተር የለውም። ዓይን ከማይደርስበት የላባ ሥር መልስ ይዘው የሚወጡት ያ የናቅሽው ቅባትና ያቺ ቁራጭ ክሪስታል ናቸው።

አሁን ስለ ዲዛይን። እህቴ፣ የዲዛይን ክፍል ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ያለ ይመስልሻል፤ በአውሮፕላን ነገር ግን የቆመው በእኛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1969 ከኔሊስ የአሜሪካ አየር ኃይል ጣቢያ የተነሣ ኤፍ-111 ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከመቶ ሰዓት ብዙም ያልበለጠ የበረረ አዲስ አውሮፕላን ነበር። ክንፉን የሚይዘው ብረት ሲቀጠቀጥ የተፈጠረ ስንጥቅ በፋብሪካው ምርመራ ሁሉ አልፎ፣ ተሳፍሮ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት ዲዛይነሮች በብዛት የሚነሡት «ብረቱ ጤነኛ ነው» ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የሲቪሉ ሕግ ደግሞ በ1978 ሐሳቡን ገለበጡት። ዛሬ ዲዛይነሩ ገና ከመጀመሪያው ብረቱ ውስጥ ስንጥቅ አለ ብሎ ይነሣል። የስንጥቁንስ መጠን ከየት ያመጣዋል? መርማሪው ሊያመልጠው ከሚችለው ይወስዳል። ያ ስንጥቅ አድጎ ብረቱን እስኪሰብር ስንት በረራ እንደሚፈጅ ያሰላል፤ ከዚያ በፊት ደግመሽ እንድታዪው ቀን ይቆርጥልሻል።

ልብ በዪ፣ የሚጠየቀው የምታገኚው ትንሹ ስንጥቅ አይደለም፤ የሚያመልጥሽ ትልቁ ነው። ዘዴዎች የሚለኩት ከመቶ ስንጥቅ ዘጠናውን የሚያገኙት ከየትኛው መጠን ጀምሮ ነው ተብሎ ነው፤ ለዚያም 95 በመቶ መተማመኛ ይጠየቃል። የቀሩት አሥሩ የእኔና ያንቺ ናቸው። ዲዛይን ክፍል ብትገቢ ያን ቁጥር ከመጽሐፍ ታነቢዋለሽ። እዚህ ግን ቁጥሩ አንቺ ነሽ፤ እንቅልፍሽ፣ ችኮላሽ፣ ፎርማን ሲጮህብሽ የምትሰጪው መልስ ሁሉ ውስጡ አለ። እንዲያውም እኔን ብትጠይቂኝ፣ ጥቂት ዓመት ፕሮብ ይዞ ያልዞረ ሰው ዲዛይን ክፍል ባይቀመጥ ደስ ይለኛል። ይህን የምለው ወንድምሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ፕሮብ የማይገባበት ጥግ ላይ ብየዳ የሚያስቀምጡ ዲዛይነሮች ብዙ አንገት አሳምመውኛል።

ሥራው ማር ነው ብዬ አልሸነግልሽም። በጠባብ ቦታ ተጣጥፈሽ ትሠሪያለሽ፤ የአቪዬሽን መስፈርቱ ዓይንሽን በየዓመቱ ያስመረምርሻል፤ ከመርማሪ ደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 ለማለፍ ከፈተናው በላይ ረጅም የልምምድ ሰዓት ይቆጠርብሻል። አዲሶቹ መሣሪያዎች በአንድ ፕሮብ ውስጥ ብዙ ቁራጮች ይዘው ድምፁን በኮምፒዩተር ያዞሩታል፣ ባለ ቀለም ሥዕልም ያወጣሉ። ያምራሉ። ግን ሥዕሉ ስላማረ አትመኚው፤ መጀመሪያ በተራው መሣሪያ፣ በአንዷ መስመርና በሚዘልለው ማሚቶ ሠልጥኚ። ስንጥቁን ራስሽ ሥለሽ ካየሽ በኋላ የማሽኑ ሥዕል አያታልልሽም።

በመጀመሪያው ወር ትልልቆቹን ቴክኒሺያኖች አስቸግሪያቸው፤ እውነተኛ ስንጥቅ ያለበት የተጣለ ዕቃ እንዲሰጡሽ ለምኚና ከየአቅጣጫው አዳምጪው፤ ከዚያ ስትቆርጪው ያልሽውና የሆነው ምን ያህል እንደሚገጥም እዪ። ከዚህ የሚበልጥ መምህር አላገኘሁም። ፕሮብሽ ያልደረሰበት ቦታ ሲኖር ደግሞ ሪፖርቱ ላይ «አልተመረመረም» ብለሽ ጻፊ፤ በትልቁ ጻፊው፣ አለቃ ቢቆጣም ጻፊው። አለቃ ሲቆጣ ቢከፋሽ ለእኔ ደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤታችንም እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት። የክፍሉ ምዝገባ የሚዘጋው በዚህ ወር መጨረሻ ነው ብለሻል፤ ሳይዘጋ ገብተሽ እሺ በያቸው።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ